የሁለት ሳምንት ተከሳሽ

በእኛ አገር አይቪኤፍ በሚባለው ሕክምና እንቁላልና የወንድ ዘር በላቦራቶሪ ተዋሕደው የተገኘ ሽል ወደ ማህፀን ገብቶ ሳይዝ ሲቀር ምርመራው የሚጀምረው ከሴትየዋ ነው። መጀመሪያ «ምን ነካሽ?» ይባላል። ቀጥሎ «ደረጃ ወጥተሽ ነበር? ምን አነሣሽ? ምን በላሽ? ማን ቤት ሄድሽ?» ይመጣል። ሽሉ ከገባበት ዕለት አንሥቶ እስከ ደም ምርመራው ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳን አይሞላም፤ ግን እያንዳንዱ ሰዓት እየተገለጠ ይመረመራል። የሳለችው ሳል፣ የሳቀችው ሳቅ፣ ባጃጅ ውስጥ ያንገጫገጫት ኮብልስቶን ሳይቀር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ለዚህ ሕክምና የሚታዘዙትን መድኃኒቶች ለብዙ ሴቶች በመስኮት በኩል ስሰጥ ኖሬ፣ በኋላ ተራው ደርሶኝ ለራሴ ገዛኋቸው። ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። ይህን የምጽፈውም ስለሰለቹኝ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ነገር አብዛኛው ሽሉ ማህፀን ከመድረሱ በፊት አልቋል። ሰው የሚጠይቀው ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሽሉ ወደ ማህፀን ከሚገባባት ቀን ልጀምር፤ ወሬው ሁሉ የሚያጠነጥነው በእርሷ ላይ ነውና። ሥራው ራሱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሽንትሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ የሞላ ፊኛ የአልትራሳውንዱን ምስል ያጠራል፣ ማህፀኑንም ቀና ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳን አያስፈልግም። ሐኪሙ የማህፀን በሩን ያጸዳል። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ ብላ ሙሉ ስምሽን ትጠይቅሻለች፤ ትነግሪያታለሽ፤ ተመልሳ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ይዛ ትመጣለች። ቱቦው በማህፀን በር አልፎ ከማህፀኑ ጣሪያ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ብዙ ባለትዳሮች ያችን ነጥብ በስልክ አንሥተው «ልጃችን» ብለው ያስቀምጧታል። ነጥቧ ግን ሽሉ አይደለችም፤ አብራው የገባች የአየርና የፈሳሽ ጠብታ ናት። ሽሉ ቢበዛ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሆነ በዚያ ስክሪን አይታይም። በመጨረሻ ባለሙያዋ ቱቦውን ወስዳ ሽሉ ተጣብቆ እንዳልቀረ በማይክሮስኮፕ ታያለች፤ «ንጹሕ ነው» ስትል ነገሩ ያልቃል። ከዚያ ሽንት ቤት መሄድ ይፈቀዳል፤ እኔ በዚያን ሰዓት ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረኝም።

ታዲያ ስትነሺ አይወድቅም? ስታስነጥሺስ? አይወድቅም። ማህፀን አየር እንደተነፋ ፊኛ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ የፊቱና የኋላው ግድግዳ እርስ በርሳቸው ተጠግተው የተኙ ናቸው። ሽሉ በመካከላቸው የሚያዘው በተደራረቡ ሁለት እንጀራዎች መካከል የገባች የጤፍ ቅንጣት እንደምትያዝ ነው፤ መሶቡን ብታነሺው አትወርድም። ወዲያው ተነሥተው የሄዱትን ሴቶች ተኝተው ከቆዩት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በመተኛት የተገኘ ጥቅም አላሳዩም። እንዲያውም ተኝተው የቆዩት ውጤት ዝቅ ያለበት ጥናት አለ። ማህፀኑን ለማዘጋጀት የሚታዘዘውን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን እየወሰዱ ቀናት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ለእግር ደም መርጋት በር ይከፍታል። ቡናም ቢሆን በቀን 200 ሚሊ ግራም ካፌይን እስካላለፈ ድረስ አይከለከልም፤ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት መተው ነው።

አማቴ ይህን ሁሉ አልተቀበሉኝም። ሽሉ በገባ ማግሥት ከደብረ ብርሃን ጋቢያቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ አንቺ ብቻ ተኚልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው» አሉ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ውጤቱ ሲመጣና ባዶ ሲሆን ያ ሁሉ ፍቅር ወደ አንድ ጥያቄ ዞረ፤ ማክሰኞ ዕለት ልብስ አጥቤ እንደነበር አስታወሱ።

ሌላዋ ጠያቂ አክስቴ ናት። የእርሷ ጭንቀት ግን ለየት ያለ ነበር። ሽሉ ከመግባቱ በፊት በቅዝቃዜ ተቀምጦ እንደነበር ስትሰማ ክው አለች። «እኛ ማህፀንሽን ብርድ እንዳያገኘው ስንጠብቅ ልጁን ራሱን በረዶ ውስጥ ከተታችሁት በይኛ!» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ነገር ግን አክስቴ አንድ እውነት ነክታለች። በረዶ በእርግጥ የሽል ጠላት ነው። በአሮጌው ዘዴ ሽሉ ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ሲሄድ በሕዋሳቱ ውስጥ የቀረው ውኃ የበረዶ ስለት ይሠራና ይወጋቸዋል፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ በሕይወት የማይገኘው ጥቂት አልነበረም። አሁን የሚሠራበት ቪትሪፊኬሽን የሚባለው ዘዴ ነው። የሕዋሱ ውኃ አብዛኛው ወጥቶ መከላከያ ፈሳሽ ይተካበታል፤ ከዚያ ሽሉ በቅጽበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጠልቃል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ፍጥነቱ ለበረዶ ጊዜ አይሰጥም፤ ሁሉ ነገር ባለበት መስታወት ሆኖ ይጠነክራል። ይህን ዘዴ ለሰው ሽልና እንቁላል በማስፋፋት የጃፓኑ ማሳሺጌ ኩዋያማ ስም ይነሣል። ጥሩ ላቦራቶሪ ውስጥ በዚህ መንገድ ከተቀመጡ 100 የአምስተኛ ቀን ሽሎች (እንቁላሉና ዘሩ ከተዋሐዱ አምስት ቀን የሞላቸው) 95 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በሕይወት ይወጣሉ።

መንገዱ አጭር አልነበረም። በዚህ ሕክምና የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1983 የሜልበርን ተመራማሪዎች አለን ትራውንሰንና ሊንዳ ሞር ከቀዘቀዘ ሽል የተገኘ እርግዝና እንዳለ ለዓለም አሳወቁ፤ ያ እርግዝና ግን ከግብ አልደረሰም። በዓመቱ በዚያው ከተማ ሕፃን ተወለደች።

ከአክስቴ ቀጥሎ ባለቤቴ ተጨነቀ። የእርሱ ጥያቄ የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ ነበር፤ «መብራት ቢጠፋስ?» መልሱ ደስ የሚል ነው። የሽል ማስቀመጫው ጋን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አይደለም። ድርብ ግድግዳ ያለው፣ በግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለበት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን የተሞላ ዕቃ ነው። መብራት ሳምንት ሙሉ ቢጠፋ ሽሎቹ አያውቁትም። አደጋው ያለው ናይትሮጅኑ ሲተንና የሚሞላው ሰው ሲጠፋ፣ ወይም ጋኑ ራሱ ሲበላሽ ነው። በመጋቢት 2018 አሜሪካ ውስጥ ክሊቭላንድና ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኙ ሁለት ማእከላት በአንድ ሰሞን ጋን ተበላሽቶ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ሽሎች ለጉዳት ተጋልጠዋል። ስለዚህ ማእከል የምትመርጥ ሴት ስለ ጄኔሬተር ከመጠየቅ ይልቅ ናይትሮጅኑን ማን፣ በስንት ቀን እንደሚሞላ፣ መጠኑ ሲወርድ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ብትጠይቅ ይሻላታል።

የቆይታው ርዝማኔስ? ያ እምብዛም አያስጨንቅም። በ2022 ኦሪገን ውስጥ የተወለዱት መንትዮች የተገኙት በ1992 ከቀዘቀዙ ሽሎች ነው። ሠላሳ ዓመት በናይትሮጅን ውስጥ ከአንድ ሌሊት አይለይም፤ በዚያ ቅዝቃዜ ዕድሜ የሚባል ነገር ቆሟል።

ይህን ስጽፍ የጉዳዩ እምብርት ላይ ደረስኩ። የሽል ዕድሜ የሚቆመው እንቁላሉ በተወሰደበት ቀን ላይ ነው። በ33 ዓመቷ የተወሰደ እንቁላል በ39 ዓመቷ ማህፀኗ ቢገባ እንቁላሉ የ33 ዓመት ሴት እንቁላል ነው። ማህፀን እንደ እንቁላል ቶሎ አያረጅም። ይህ የሚታወቀው ሌላ ሴት በለገሰቻቸው እንቁላሎች ነው፤ ውጤቱ የሚከተለው በአብዛኛው የተቀባይዋን ሳይሆን የለጋሿን ዕድሜ ነው።

ምክንያቱ ክሮሞሶም ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ እንቁላሉ ዓመታት በገፉ ቁጥር ክሮሞሶሞቹን እኩል የመክፈል ብቃቱ ይደክማል። በ35 ዓመት አካባቢ አምስተኛ ቀን ከደረሱት ሽሎች ሲሦ ያህሉ የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። በ40 ከግማሽ በላይ ይሆናሉ፤ በ43 እና በ44 ከ10 ስምንት ያህሉ። የተዛባ ሽል በአብዛኛው አይዝም፤ ቢይዝም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቋረጣል። ያንን ሽል የተሸከመች ሴት ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ብትውል የሚለወጥ ነገር የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ታዲያ ይህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት «ገና ልጅ ነሽ፣ ታገሺ፣ እግዜር በጊዜው ይሰጣል» ያሉት ሰዎችና ዛሬ «ደረጃ ወጥተሽ ነበር?» የሚሉት ሰዎች አንድ ናቸው። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ያ «ታገሺ» የተባለው ጊዜ ነበር። ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። ጠበሉንም ስለቱንም አልነቅፍም። ቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ፤ በታኅሣሥ 19 ሕፃን አዝለው ስለታቸውን ሊያደርሱ የሚወጡትን ሴቶች አይቼ አልቅሻለሁ። ጠበልና ምርመራ ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች፣ 35 የሞላት ስድስት ወር ሞክራ ካልፀነሰች፣ 40 ያለፋት ደግሞ ሳትቆይ ሐኪም ትይ የሚለው ምክር በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ሴቶች የሚደርሱት ከዚህ ብዙ ዘግይተው ነው። ሁሉም ነገር የቸልተኝነት ውጤት አይደለም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 የመንግሥት ማእከል እስኪከፈት ድረስ አቅም ያለው ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ደግሞ መታገሥ ብቻ ነበር ዕጣው። ኢትዮጵያውያን ዘመዶች ያሉን እስራኤል ውስጥ ግን አንዲት ሴት እስከ 45 ዓመቷ፣ ሁለት ልጅ እስክታገኝ ድረስ ወጪዋን የጤና መድኅኑ ይሸፍንላታል። ሽሉ ያው ሽል ነው፤ እንቁላሉ የሚወሰድበትን ዕድሜ የሚለውጠው ግን ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ያለው አቅም ነው።

ከእንቁላሉ እኩል የማይነሣው የወንዱ ድርሻ ነው። መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ የወንዱ ዘር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ምክንያት ነው። ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚኖረው በእናቱ እንቁላል ስንቅ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ የራሱ ዘረ መል ሥራ ይጀምራል፣ የአባት ድርሻም ያኔ ይጎላል። እስከ ሦስተኛው ቀን አምረው አድገው አምስተኛው ላይ የሚቆሙ ሽሎች ሲበዙ ሐኪሙ ወደ ዘሩ መለስ ብሎ ቢያይ አይገርምም። የዘር ምርመራ ከምርመራዎች ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ነው፤ መርፌ የለው፣ ማደንዘዣ የለው። ሆኖም መድኃኒት ቤታችን መስኮት ላይ የማያቸው ብዙዎቹ ሴቶች ቱቦአቸው ተነፍቶ፣ ማህፀናቸው ታይቶ፣ ደማቸው ለብዙ ሆርሞን ተቀድቶ ሳለ ባሎቻቸው ገና «ሥራ በዝቶብኝ» ላይ ናቸው።

ላቦራቶሪው የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ 4ኤኤ ወይም 3ቢሲ የሚመስል ጽሑፍ ታገኛለሽ። ቁጥሩ ሽሉ ምን ያህል እንደሰፋ ከ1 እስከ 6 ይናገራል። የመጀመሪያው ፊደል ልጁ የሚሆነውን የውስጥ ሕዋስ ይመዝናል፣ ሁለተኛው የእንግዴ ልጅ የሚሆነውን የውጭ ሽፋን። ከፍ ያለ ውጤት ያለው ሽል የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በአምስተኛ ቀን የደረሰ ሽልም ስድስተኛ ቀን ከደረሰው ትንሽ ይሻላል። ይህ ግን መልክ ነው፤ ክሮሞሶሙን አያሳይም። ቆንጆው ሳይዝ ቀርቶ «ይሞከር እስቲ» የተባለው ይዞ የተወለደበት ቤት ብዙ ነው። ክሮሞሶሙ ተመርምሮ ትክክል ነው የተባለ ሽል እንኳን ቢበዛ ከ10 ስድስት ያህል ጊዜ ነው ልጅ የሚሆነው። ይህችን ቁጥር ዘመዶቼ ሁሉ ቢይዙልኝ እወዳለሁ። ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ ከ10 አራቱ አይሳካም። ጤነኛ ወጣት ጥንዶች በተፈጥሮ መንገድ በአንድ ወር የመፀነስ ዕድላቸው ከ20 እስከ 25 በመቶ መሆኑን ስናስብ ይህ ትንሽ አይደለም።

ማህፀኑ ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት ብዙ ነገር አለ። በኢንፌክሽን ምክንያት የተዘጋና ውኃ የቋጠረ የማህፀን ቱቦ ካለ ያ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ሽሉን ይጎዳል፤ ሽሉ ከመግባቱ በፊት ቱቦውን ማውጣት ወይም ከማህፀን ጋር የሚገናኝበትን መዝጋት ውጤቱን እንደሚያሻሽል በደንብ የታወቀ ነው። «ቱቦ ላያስፈልገኝ ለምን ይነካብኛል?» የምትል ሴት ገጥማኛለች፤ የሚነካው ለዚህ ነው። ማዮማ በሚባለው የማህፀን ዕጢ ደግሞ ቦታው ይወስናል። ወደ ውጭ ያደገ ማዮማ ትልቅ ቢሆንም ሽሉን ላይነካው ይችላል፤ ወደ ማህፀኑ ውስጥ የገፋ ግን ትንሹም ያስቸግራል። ማህፀን ተጠርጎ ከሆነ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ማህፀን ደርሶ ከሆነ በውስጡ ጠባሳ ሊኖር ይችላል። የእኔ ጣጣ ፖሊፕ ነበር። ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ በቀጭን ካሜራ ማህፀኔ ሲታይ ትንሽ ሥጋ በግራ በኩል ተንጠልጥላ ተገኘች፤ እዚያው ተቆረጠች። በአልትራሳውንድ ግን ተደብቃ ነበር።

የማህፀኑ ሽፋን ውፍረት ብዙ ሴቶችን እንቅልፍ ይነሣል። በጥቅሉ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች ይረጋጋሉ፤ ከዚያ በታች ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። 9 እና 11 ላይ መጨቃጨቅ ግን ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ሙያዬ ገባሁ፤ ትንሽ ልዘግይበት። ከቅዝቃዜ የወጣ ሽል የሚገባበት ማህፀን በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው ሴትየዋ በራሷ ዑደት እንቁላል ስታወጣ ቀኑን ተከታትሎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው በመድኃኒት ነው፤ ኢስትሮጅን ሽፋኑን ያወፍራል፣ ከዚያ ፕሮጄስትሮን ይጨመራል። መድኃኒቱ ለቀጠሮ ይመቻል፤ ዑደቷ ለተዛባ ሴትም መፍትሔ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ እንቁላል ስለማይወጣ እንቁላሉ ከወጣበት ስፍራ የሚፈጠረው ኮርፐስ ሉቴየም የሚባለው አካልም አይኖርም። እንዲህ የረገዙ ሴቶች በራሳቸው ዑደት ከረገዙት ይልቅ በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ የደም ግፊት የበለጠ እንደሚጋለጡ ጥናቶች አሳይተዋል። የመያዝ ዕድሉ በሁለቱም ተቀራራቢ ከሆነ፣ ዑደቷ የተስተካከለ ሴት የተፈጥሮውን መንገድ አንሥታ ሐኪሟን ብትጠይቅ ምክንያት አላት።

ፕሮጄስትሮን ደግሞ በር ከፋች ነው። የአምስተኛ ቀን ሽል የሚገባው ፕሮጄስትሮን ከተጀመረ አምስት ቀን ያህል ሲሞላ ነው፤ ማህፀኑ ሽሉን የሚቀበልበት ጊዜ ጠባብ ስለሆነ የመጀመሪያዋ መድኃኒት የተወሰደችበት ሰዓት በወረቀት መያዝ አለባት። በብልት በኩል የሚገባ አለ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋም አለ። የሚወጋው የሚሟሟው በዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰሊጥ ዘይት። የሁመራ ሰሊጥ ባለበት አገር ይህን ብልቃጥ ከውጭ ስናስመጣ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የመድኃኒቱ ጥራት ሌላ ጉዳይ መሆኑን ባውቅም። መርፌው ያማል፣ ቋጠሮም ይተዋል፤ ብልቃጡን በእጅ ይዞ ማሞቅና ከተወጉ በኋላ ማሸት ይረዳል። በ2021 የታተመ ከአንድ ሺህ በላይ ሕክምናዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት በመድኃኒት በተዘጋጀ ማህፀን ላይ በብልት የሚገባውን ብቻ ከሚወጋው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በብልት ብቻ የወሰዱት 27 በመቶ ሲወልዱ በየቀኑ የተወጉት 44 በመቶ፣ በየሦስት ቀኑ መርፌ የጨመሩት 46 በመቶ ወልደዋል። ሽሉ በሚገባበት ቀን አካባቢ ደም ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን በሚሊ ሊትር ከ10 ናኖ ግራም በታች ሲሆን ብዙ ሐኪሞች መጠኑን ከፍ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ይህ የሚለካ፣ የሚታረም ነገር ነው። እንደ ልብስ ማጠብ አይደለም።

መስኮቱ ላይ ደጋግሜ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ደም ቢታይሽም ሐኪምሽ ሳያዝሽ መድኃኒቱን አታቁሚ። ነጠብጣብ ደም አይታ «አለቀ» ብላ የቀረውን መድኃኒት ልትመልስልኝ የመጣች ወጣት ነበረች። መልሼ ላክኋት፤ የደም ምርመራው አዎንታዊ ነበር። ውጤቱ ጥሩ ከሆነም መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ እንግዴ ልጁ ሥራውን የሚረከበው ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና።

ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ፤ እነዚህም ይመዝናሉ፤ ሁሉም አስቀድመው የሚስተካከሉ ስለሆኑ ብዙ አልልም። ሲጋራው የባልየውም ሊሆን ይችላል።

ከሚሸጡት ተጨማሪ ነገሮች ግን ተጠንቀቁ። ማህፀኑ ሽል የሚቀበልበትን ሰዓት በዘረ መል እንለካለን የሚለው ምርመራ ለብዙ ዓመታት በውድ ሲሸጥ ቆይቶ በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ጥቅም እንደሌለው አሳየ። ማህፀንን ቧጭሮ ማዘጋጀትም በ2019 እንዲሁ ሆነ። ማቀዝቀዝ ራሱም ተአምር አይሠራም። በ2016 ቻይና ውስጥ የተሠራ ጥናት ኦቫሪያቸው በትናንሽ ከረጢቶች የተሞላ ሴቶች ሽላቸው ቀዝቅዞ በኋላ ሲገባ 49.3 በመቶ፣ ወዲያው ሲገባ 42 በመቶ እንደወለዱ አሳይቷል። ይህ ችግር በሌለባቸው ሴቶች ላይ ቬትናም ውስጥ ተሠርቶ በ2018 በታተመው ጥናት ግን ልዩነት አልታየም። ሁለት ሽል አብሮ ማስገባትም የብልሃት መንገድ ይመስላል፤ «አንዴ ከተለፋ መንታ ይሁን» ይላል ዘመድ። መንታ ማለት ያለ ጊዜው መወለድ ነው፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አልጋ ፍለጋ ነው። ጥሩ ሽል ያላት ሴት አንዱን አስገብታ ሌላውን ብታቆይ የምታጣው ነገር ትንሽ ነው።

እኔ በኋላ ተሳካልኝ። ፖሊፑ ስለወጣ ነው? በራሴ ዑደት ስለገባ ነው? ወይስ ሁለተኛው ሽል ክሮሞሶሙ ትክክል ስለነበር ብቻ? ከአንዲት ሴት ታሪክ ይህን መለየት አይቻልም፤ ሐኪሜም አልለየውም፣ እኔም አልሞክርም። በዚያኛው ጊዜ ሽሉ በገባ ማግሥት ሥራ ገብቼ ቆሜ ነው የዋልኩት። አማቴ ተቆጥተው አጥሚቱን በፔርሙስ እያደረጉ ይልኩልኝ ነበር፤ ጠጥቼዋለሁ፣ ጣፋጭ ነው።

አሁን ለመጣው ሰው ሁሉ «ያ አጥሚት ነው የያዘላት» ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። በኋላ ግን የባለቤቴ ታናሽ እኅት ይህንኑ ሕክምና ልትጀምር መሆኑን ሰማሁ፤ አማቴ ገብሱን አስፈጭተው ጨርሰዋል። ምስጋናው ለአጥሚቱ ከሆነ ነገ ያልጠጣችው ሴት ጥፋተኛ ትሆናለች። ስለዚህ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እሳቸው አጥሚቱን ይቀጥላሉ፤ ማክሰኞ ዕለት ማን ምን አጠበ የሚለው ግን አይነሣም። ለልጅቷ ደግሞ ከቀጠሮዋ የምትጠይቃቸውን ጻፍኩላት፤ እንቁላሉ በስንት ዓመቷ እንደሚወሰድ ታውቀዋለች፤ ሽሉ በስንተኛው ቀን እንደደረሰና ከቅዝቃዜ ሲወጣ እንዴት እንደነበር፣ ማህፀኗ በካሜራ መታየት ይኖርበት እንደሆነ፣ ቱቦዋ ውኃ ቋጥሮ እንደሆነ፣ ፕሮጄስትሮኑ መቼ እንደሚለካ ትጠይቅ። ባለቤቷ ገና አልተመረመረም። መጀመሪያ እርሱ ይሂድ ብያለሁ።